ወንበሩ ሲጢጥ ሲል

ከዴንማርክ ጫፍ፣ ባሕር ወደ የብስ እጁን በሰደደበት፣
ነፋስ ነው ባለርስት፤ እኛ ጭሰኞቹ የምንኖርበት፤
የድምፅ ማጉያ ሣጥን ከምንሠራበት ቤት፣ ከመጋዙ ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ግድግዳዋ ሱፍ የለበሰ፣ ነፋስም የማይገባ።
ወይዘሮ ኢንገሊስ እዚያ ይቀመጣሉ፤
ሣጥኑ አልቆ፣ ተቀብቶ፣ ተወልውሎ ሲመጣ፣
"ይሂድ" ወይም "ይመለስ" ይላሉ።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ሙጫ ያልለቀቀው ጣቴ፣ ትዕቢት ያቀናው አንገቴ።
"እስቲ አስገር፣ መፈተኛ የሚሆን ሸክላ ምረጥ" ቢሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት፣
የምወደውን ይዤ ገባሁ፤ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ደረት የሚደልቅ ምት።
ግማሽ ደቂቃ ሰሙና መርፌውን አነሡት፣ ቀስ ብለው፤
"ልጄ፣ ሹክሹክታውም ጩኸት ከሆነ፣ ጩኸቱ ምንድን ነው?
ተራራውን ንደው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ሜዳ ነው ያደረጉት፤
በሜዳማ አህያም ሰጋር ነው፤ ታዲያ ምኑን ፈተንኩት?
ዳገት ስጠው፣ ቁልቁለት ስጠው፣
ያኔ ነው ጉልበቱን የምታውቀው።"

መደርደሪያቸው ላይ ዐሥራ አንድ ሸክላ።
በአርባ ዓመት ዐሥራ አንድ! ሌላው ተነፍቶ፣ ተበጥሮ፣ ቀርቶ ወደ ኋላ።
አንዱ የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፣ ያለ አጃቢ፣ ከንፈሯ ሲላቀቅ የሚሰማ፤
አንዱ ከበርገን ወዲያ፣ በእንጨት ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ የመዘምራን ዜማ።
"ጣራው ስንት ክንድ ነው?" ይሉኛል። "ስንት ረድፍ ቆመዋል?
ከኋላ ያለው ባለ ወፍራም ድምፅ ሰውዬ ታይቶሃል?"
የታየኝ ደመና ነው።
በጥቅምት የሰማሁት ደመና
በመጋቢት ሰው ሆነ፤ ሦስት ረድፍ ሰው፣ ሰውዬውም አለና!

"ሁሉንም ይወዷቸዋል?" አልኳቸው።
"ሰባቱን አልወዳቸውም።
ምስክር ስትቆጥር ዘመድህን አትጠራም።"

የሚወዱት አንድ ነበር፤ ሴሎ ብቻ፤ የሽፋኑ ጥግ የተበላ።
በአራተኛው ደቂቃ ግድም፣ ዜማው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣
ተጫዋቹ ወደ ግራ ዘንበል ይልና
ወንበሩ ሲጢጥ ይላል።
የመጨረሻውን ሞረድ የያዘው ባለሙያ
አይቶ እንዳላየ አልፏታል፤ ምሯታል።
በደካማ ማጉያ አትሰማም።
በጩኸታም ማጉያ እንደ ዛገ በር ትጮኻለች።
በደኅናው ግን፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ይመስልህና
ዘወር ትላለህ።

ሲሰሙ ማጉያውን አያዩም፤ እኔን ነው የሚያዩት።
አንድ ቀን ረኃብና ድካም ተደርበውብኝ፣
ምንም ሳልሰማ አንገቴን አዞርኩ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ።
"ዋሸህ" አሉኝ።
"ወንበሩ በግራ ነው፤ አንተ ወደ ቀኝ ዞርክብኝ።"

ወረቀቱን ያገኘሁት በበጋ ነው፣ ከሴሎው ሽፋን ውስጥ ታጥፎ፤
ከጆሮ ሐኪም የመጣ ሥዕል፤ አንድ መስመር፣
ሜዳ ሜዳውን ሄዶ ሄዶ፣ ገደል ሲደርስ የሚወድቅ።
ቀኑ የዛሬ ሰባት ዓመት።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ጥሏቸው ሄዶ፣
ከዚያ ወንበር የቀራቸው የእኔ አንገት ነበር፤
ከእኔም በፊት የሌላ ሰው አንገት።
መልሼ አጠፍኩት፤ እንደነበረው።
ምንም አላልኩ።
ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ቀን አልዋሸሁ።

ዛሬ ሃምሳ አምስት ሞላኝ። ሸክላዎቹ ዐሥራ ሦስት ናቸው፤
ሁለት ጨመርኩ፣ አንዷን ገና እጠራጠራታለሁ።
ባለፈው ሳምንት ሲነ የምትባል ልጅ ተቀጠረች፤ ጥፍሯ ሥር ሙጫ፣
አንገቷ ቀጥ ያለ፣ እንደ እኔው እንደ ጥንቱ።
ሴሎውን አስቀመጥኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት።
ሲጢጥ አለ።
አለ መሰለኝ።
ማጉያውን ትቼ
አንገቷን አየሁ።